ኤልሳቤት ማሽኑን ያቆመችበት ወር

ፊደሌ ቢጣመም አትፍረዱብኝ፤ የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ተናድጃለሁም።

ኤልሳቤት ከሆሳዕና መጥታ ሰበታ ያለው የፈትል ፋብሪካችን ስትቀጠር፣ አጠገቧ ያለው ማሽን ላይ የምሠራው እኔ ነበርኩ። በስድስት ዓመት አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም። እሑድ ከመዘምራን ጋር ትዘምራለች፤ የቀረውን ሳምንት ከክር ጋር ነች።

እኛ ዘንድ ክር ተበጥሶ ማሽኑ ላይ ሲጠመጠም ማሽኑን አናጠፋም። እየተሽከረከረ እጅ ይገባና ክሩ ተመንጭቆ ይወጣል። የሺፍት አለቃችን ኦቦ ዲሪርሳ ሁለት ጣታቸውን ያጡት በዚሁ ነው፤ ለአዲስ ሠራተኛ ግን እጃቸውን እንደ ሜዳሊያ ያሳያሉ። በሩ አጠገብ ሰሌዳ አለ። ማሽን ያቆመ ሰው ስሙ እዚያ ይጻፋል፤ ስም ከተጻፈ ሺፍቱ በሙሉ ፋብሪካው በየወሩ የሚሰጠው የምግብ ዘይት ይቀርበታል።

አምና አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጡና ሰበሰቡን። "ከዛሬ ጀምሮ ባህላችን ተቀይሯል! መጀመሪያ ማሽኑን አጥፉ፣ ከዚያ አጽዱ" አሉ። ቲሸርት ታደለ፣ ፖስተር ተለጠፈ። ሰሌዳውን ግን የነካው የለም።

ያመነቻቸው ኤልሳቤት ብቻ ናት። በማግስቱ ክር ሲጠመጠምባት ቀዩን ቁልፍ ተጫነች። ኦቦ ዲሪርሳ እየሮጡ መጡ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ሆንሽ?"

"ኦቦ፣ አጥፉ ተብለን የለ እንዴ? እርስዎም እኮ ነበሩ።"

"እሱ ለስብሰባ ነው! አመል ያወጣል ከመሀል፤ ኋላ እንዳታለቅሺ።"

የማን አመል? ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ወደ ማሽኔ ዞርኩ። በዚያ ወር ሦስት ጊዜ አቆመች፣ ስሟ ሦስት ጊዜ ተጻፈ፣ ዘይታችን ቀረ። ያገለሏት አለቆቹ እንዳይመስሏችሁ፤ እኛው ነን። ምሳ አብሯት የሚበላ ጠፋ። እኔም፣ አፈር ልብላና፣ ሳህኔን ይዤ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄድኩ። በመጨረሻ "ከባልደረቦቿ ጋር አልተግባባችም" ተብሎ ወደ ጽዳት ተዛወረች።

ሥራ አስኪያጁስ? ባለፈው ወር ሺፍታችንን "ባህል በመቀየር አርአያ የሆነ" ብለው ሸለሙት። ሰሌዳው ላይ አንድም ስም አልነበረማ! ኤልሳቤት መጥረጊያዋን ይዛ ታየናለች፤ እኛ እናጨበጭባለን።

ከዚያ እሷ ማሽን ላይ መደቡኝ። ባለፈው ሰኞ ክሩ ተጠመጠመ። ቀዩ ቁልፍ ከክርኔ አጠገብ ነው። ቀና ስል ኦቦ ዲሪርሳ ጠመኔ ይዘው ሰሌዳው ሥር ቆመዋል። ወለል የምትጠርገው ኤልሳቤት አየችኝ።

"ወንድሜ፣ አጥፋው!" አለች።

ቀኝ እጄን አስገባሁ።

ጩኸቴን ሰምታ ሮጣ የመጣችውና ቀዩን ቁልፍ የተጫነችው እሷ ናት። እኔን ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዱኝ፣ ኦቦ ዲሪርሳ ሰሌዳው ላይ የኤልሳቤትን ስም ይጽፉ ነበር።