ከጉንጭ የወጣ ልክ

እዚህ ስደት፣ ካርቲየ አምስት በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የታክሲ ሹፌር አሮጌ መፍቻ ወደምሸጥበት ጠረጴዛ ሲመጣ የላብና የሞተር ዘይት ጠረኑ ቀድሞት ደረሰ። ሸሚዙ ጠቁሯል፣ ጥርሱ በጫት አረንጓዴ ሆኗል። ከኪሱ ግን በካውያ የተተኮሰ ነጭ መሐረብ አወጣ። ሲፈታው ውስጡ ስድስት ማዕዘን ያለው የታኘከ ጫት ተቀምጧል።

«እትዬ፣ የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ቀዳዳ ውስጥ ጠቅጥቄ ያወጣሁት ልክ ይሄ ነው። አጭር ብሩጎላ፣ ያንን ጫፉ የታጠፈ ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ ስጪኝ። ታክሲዋ ከመሬት ዝቅ ያለች ናት፣ ረጅሙ ከሥሯ አይገባም።»

«ሳሙና ጠፍቶ ነው ከአፍህ አውጥተህ የምትለካው?»

«ምን ላድርግ፣ ቸኩያለሁ። ዘይቱን እስከ አሥር ሰዓት ካልቀየርኩ ባለቤቱ መኪናዋን ለሌላ ሹፌር ይሰጥብኛል።»

አጭር አልነበረኝም። እያንገሸገሸኝ አንዱን ረጅም ከጫቱ ጋር አስተያየሁና የታጠፈውን ጫፍ በመጋዝ አሳጥሬ ሰጠሁት። የቆሸሸውን ብረት ኪሱ ከተተ። መሐረቡ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ሲያይ ግን ደነገጠ።

«ድሬዳዋ ያለችው ሚስቴ ናት ተኩሳ የምትልክልኝ» አለ። «ቢሮ ነው የምሠራው ብያታለሁ።»

መሐረቡን በጥንቃቄ አጠፈው። ያን ጫት ሱሪው ላይ ጠረግ አድርጎ ወደ ጉንጩ መለሰና ሮጠ።