ዓይንዎን ይጨፍኑ

ወሬው የደረሰኝ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን ሳስተካክል ነው። የአገሬ ልጅ የሆነች ጎረቤቴ ክንዴን ይዛ ወደ ጥላው ሳበችኝ።

«እስቲ ይኼን እዪ፤ አባትሽን አይመስሉም?»

ብዙ ተከታይ ያለው የፌስቡክ ገጽ ነው። ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲሄድ የተገለበጠ ሚኒባስ፤ ከሥሩ የሟቾች ፎቶ። ከነሱ መካከል አባቴ አሉ፤ ሆስፒታል አልጋ ላይ ናቸው። ጋቢያቸው እስከ አገጫቸው ተስቧል፤ ዓይናቸው ተከድኗል።

ቡሬ ለሚኖረው ወንድሜ ደወልሁ።

«እታለም፣ ደኅና ናቸው። እግራቸውን ትንሽ ነው የተጎዱት።»

«አገናኘኝ።»

«ተኝተዋል።»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን!» አለ። ስልኩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ የሚባል ነገር ጠፋ።

በእኛ አገር ሩቅ ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሟቸዋል» ይባላል፤ መርዶው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። እኔም ለስንቱ እንዲያ ብያለሁ። ስለዚህ የወንድሜ መሐላ አላጽናናኝም፤ ጭራሽ አስፈራኝ።

ጎረቤቴ ጥቁር ነጠላ ይዛ መጣች። «አልቅሺ እንጂ! ያን ያህል ሰው የሚያየው ገጽ ይዋሻል?»

«ወንድሜ እኮ ምሎልኛል።»

«ወንድምሽማ አዝኖልሽ ነው። እነሱ ለአንቺ ምን አዝነው ይዋሻሉ?»

ጥቁሩን ነጠላ ለበስሁ። ለቀስተኛውን ተቀብዬ ሳበቃ ፍትሐት እንዲደረግልኝ ልለምን ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ።

«ማን አረዳሽ?» አሉኝ።

«ስልክ፣ አባ።»

«ስልክ ንስሐ አባት አለው እንዴ?» ፈገግ አላሉም። «ልጄ፣ ለታመመ ጸሎት አለን፤ ለሞተ ፍትሐት አለን። የትኛውን ልያዝ?»

«እንጃ፣ አባ» አልሁና አለቀስሁ።

ያን ሰሞን ስሰግድ አባቴ ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። ፈውስልኝ እንዳልል ምናልባት አፈር ገብተዋል። ነፍሳቸውን ማርልኝ እንዳልል በቁማቸው መቅበር ሆነብኝ። የክርስትና ስማቸውን ብቻ ጠርቼ ዝም እላለሁ።

መስመሩ የተከፈተ ዕለት የደወሉት ራሳቸው አባቴ ናቸው።

«አልቅሰሽልኛል አሉ።»

«አባባ!» ብዬ ጮኽሁ።

«ደግ አደረግሽ። እውነተኛው ሲመጣ ግማሹን ጨርሰሽዋል» ብለው ሳቁ። ስለ ፎቶው ስጠይቃቸው ግን ሳቃቸው ቆመ።

«ነጭ ጋዋን የለበሰ መጣና ስልኩን ደገነብኝ። ለሕክምናው መስሎኝ ተስተካከልሁለት። ‹ዓይንዎን ይጨፍኑ› አለኝ፤ ጨፈንሁ። የሐኪም ትእዛዝ አይደል?»

ለገጹ ባለቤቶች ጻፍሁላቸው። «የደረሰንን ነው ያቀረብነው» አሉኝ። ፎቶውን አነሱት፤ ስሕተት ነበር ብለው ግን አንድ መስመር አልጻፉም። ጎረቤቴ እንኳ እስከ ዛሬ ድረስ፣ «እርግጠኛ ነሽ፣ ድምፃቸው ነው?» ትለኛለች።

ይህ ሁሉ ባለፈ ነበር። አሁን ግን እግራቸው አመርቅዟል። ሐኪሞቹ በማደንዘዣ አስተኝተው ቁስሉን መጥረግ አለብን ብለዋል። አባቴ እምቢ ብለው ቡሬ ወንድሜ ቤት ተኝተዋል። ትናንት ትኩሳት ጀምሯቸዋል።

«አንድ ጊዜ ጨፍኜላቸው ገደሉኝ» ይላሉ። «ሁለተኛ አልጨፍንም።»

«አባባ፣ ሁሉም እኮ እንደዚያ ሰው አይደለም» ብላቸው፣

«በምን ልለያቸው? ልብሳቸው አንድ ነው። ‹እኔ ነበርሁ› የሚል ይምጣ፤ አንዱ እውነት ከተናገረ ሌሎቹን አምናለሁ» አሉኝ።

እንግዲህ ሚኒባሱ በተገለበጠ ቀን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል በዚያ ክፍል የነበራችሁ፣ ታማሚዎችም አስታማሚዎችም፣ በእግዚአብሔር ስም እለምናችኋለሁ። ያን ሰው የምታውቁት ከሆነ ስሙን ለእኔ አትስጡኝ፤ ክስም አላነሣም። ቡሬ ድረስ እንዲሄድ ብቻ ንገሩት። ጋዋኑን አውልቆ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጥና «እኔ ነበርሁ» ይበላቸው። እባካችሁ ፍጠኑ፤ እግሩ ቀን አይሰጥም።