በሞያሌ ግንብ ላይ የተሣለችው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ

በኬንያው ሞያሌ የሱቅና የሆቴል ማስታወቂያ የሚሥለው አብዮት፣ እንጀራውን በእጁ ያገኛል፣ በአፉ ያጣል። ሃምሳ ሊሞላው ነው። ከደገኛው ነጋዴ አባቱ የወረሰው ንዴት ብቻ ነው ይላሉ የሚያውቁት። አንድ ባለ ሥጋ ቤት በሱቄ በር ላይ የሰባ ሰንጋ ሣልልኝ ቢለው፣ «አንተ የምታርደው የከሳ ፍየል አይደለም ወይ?» ብሎ የፍየሏን የጎድን አጥንት አንድ በአንድ ቆጥሮ ሣለለት። ሰውየው በዱላ አባረረው። አብዮት ውሸት ሲያይ ደሙ ይፈላል። ቀለሙን ጥሎ ይሳደባል፣ ሥራውም እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ በቡቲዬ መንገድ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት በአጥሩ ግንብ ላይ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ እንዲሥል ሲጠራው፣ ሚስቱ አበበች «እባክህ፣ ለአንድ ሳምንት እንኳ አፍህን ያዝ» ብላ ለመነችው።

አብዮት ባሕር አይቶ አያውቅም። ሦስት ቀን ስልኩ ላይ አፍጥጦ አነበበ፣ ቪዲዮ አየ። በምድር ላይ ኖሯል ከተባለ እንስሳ ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው። ርዝመቱ እስከ ሠላሳ ሜትር ይደርሳል፤ ሦስት ሎሪ ተከታትሎ ቆመ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ግዝፈት ጥርስ የለውም። ከጣት የማይበልጡ ፍጥረቶችን ከውሃው እያጠለለ በቀን በቶን ይውጣል። ዓሣም አይደለም፤ አየር ለመሳብ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወልዳል፣ ያጠባል። ልጁ በቀን ሁለት መቶ ሊትር ያህል ወተት ይጠጣል። ይህን ለአበበች እየጮኸ ነገራት፤ እሱ ደስ ሲለውም የተቆጣ ይመስላል።

ግንቡ ሠላሳ ሁለት ሜትር ነበር። ዓሣ ነባሪዋን በልኳ ሣላት። ከደረቷ ሥር ልጇን አጣብቆ ጡት አስያዘው።

ዋና መምህሩ ቦሩ መጥቶ አየና ሳቀ። «ፉንዲ፣ ባለሙያው፣ ዓሣ ጡት ያጠባል እንዴ? ወላጆች መሳቂያ ያደርጉኛል። ያንን የሚጠባውን አጥፋልኝ።»

«ዓሣ አይደለችም! ሳንባ አላት፣ ወተት አላት! አስተማሪው አንተ ነህ ወይስ እኔ?»

«ሀፓና፣ አይሆንም! ልጇ ከጎኗ ይዋኝ፣ ግድ የለኝም። መጥባቱ ግን እስከ ዓርብ ካልጠፋ ግንቡን በሙሉ ኖራ አስቀባዋለሁ።»

«ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለ አብዮት፣ በቦሩ ጆሮ እስኪገባ ድረስ። ብሩሹን መሬት ላይ ወረወረው። ልጆች ውሸት እንዲማሩ እሱ እውነቱን በገዛ እጁ ያጥፋ? ኖራ ይቀባ እንጂ አንዲት ነጥብ አልነካም ብሎ ማለ።

በማግስቱ ሀሊሞ ከዳበል መንደር በቦዳ ቦዳ ሞተር ተጭና መጣች። ለትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት የግመል ወተት በጀሪካን የምታመጣ አሮጊት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ግንቡ ሥር ቆማ አየች፣ አየችና «ይህን የሣለ ሰው ከብት አልቦ አያውቅም» አለች።

አብዮት ከመሰላሉ ዘሎ ወረደ። «አዴ ሀሊሞ፣ እርስዎም ደግሞ አይጠባም ሊሉኝ ነው?»

«መጥባቱንማ ማን ከለከለው። ደረቷ ላይ ምን ይሠራል? ሰው ናት? ግመልም ላምም ፍየልም ወተታቸው ልጅ በሚወጣበት በኩል ነው። ወደ ጅራቷ ውሰደው።»

ዓይኑ ደም ለበሰ። ሊያሳፍራት ስልኩን መዥረጥ አድርጎ ቪዲዮውን ከፈተ። ልጁ ከእናቱ ሆድ ሥር፣ ወደ ጅራቷ ተጠግቶ አፉን ደግኗል። ሦስት ቀን ያየው ቪዲዮ ነው። አይቶ አላየውም፤ የከተማ ልጅ በመሆኑ ጡት የሚያውቀው ደረት ላይ ብቻ ነው። ያን ቀን አብዮት በራሱ ላይ የተናደደውን ያህል በቦሩም ላይ አልተናደደም። ለዓመታት ሰውን ውሸታም እያለ ሲዘልፍ ኖሮ፣ ሠላሳ ሜትር ሙሉ ሲዋሽ ወተት ሻጭ ያዘችው። መሐላውን አፍርሶ ልጁን ፋቀና ጅራቷ አጠገብ ጡት አስይዞ እንደገና ሣለው።

ዓርብ ጠዋት ቦሩ ሁለት ባልዲ ኖራ አስበጥብጦ መጣ። ግንቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየና ፊቱ በራ። «አሳንቴ፣ አመሰግናለሁ ፉንዲ! ጡቱን ትቶ ከኋላዋ ይከተላታል። ይኸው፣ ዓሣ ማለት እንዲህ ነው። ከእንግዲህ አይጠባም፣ አይደል?»

ሀሊሞ ጀሪካኗን እንዳንጠለጠለች ከቦሩ ጀርባ ቆማለች። አብዮትን አየችው።

ስድቡ ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። አንዲት ቃል ብትወጣው ኖራው ግንቡ ላይ ነው። ጥርሱን እስኪያመው ነከሰ።

«አዎ፣ አይጠባም» አለ አብዮት፤ ይህችን ሲል የተናደደውን ያህል በዕድሜው ተናዶ አያውቅም።