የትርፍራፊው ባልዲ ምስክርነት

የኮሌጃችንን ዋና ወጥ ቤት በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁላችንም «እትዬ ልክነው» ነው የምንላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጎው ሲደርስ በእጇ ጀርባ ላይ ጠብ ታደርግና ትልሳለች። «ልክ ነው!» ካለች ድስቱ ይወጣል። ካላለች ዲኑም ቢመጣ ቆሞ ይጠብቃል።

እኔ የምሠራው የሳህን መመለሻው መስኮት ላይ ነው። ተማሪ በልቶ ሳህኑን ያቀብለኛል፣ እኔ ትርፍራፊውን ጠርጌ ወደ ማጠቢያው እልካለሁ። ማን አኩርፎ እንደበላ፣ ማን ፈተና እንዳለበት ከሳህኑ ነው የማውቀው።

ዘንድሮ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተማሪዎች «ብክነት እንቀንስ» የሚል ፖስተር በየግድግዳው ለጥፈው ተነሡ። ወረቀቱ ለብቻ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ፣ ትርፍራፊውም ለአትክልቱ ብስባሽ እንዲሆን በባልዲ ለብቻ ሆነ። ይሁን። ግን ባልዲውን እየመዘኑ በመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ በሰሌዳ መጻፍ ምን ይሉታል? በመጀመሪያው ቀን «ዛሬ የተጣለ ምግብ፦ አርባ ሁለት ኪሎ» ተብሎ ተጻፈ።

እትዬ ልክነው ሰሌዳውን ስታይ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ከምሳ በኋላ ወደ መስኮቴ መጥታ ግራ ቀኝ አየችና፣ «ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ» አለችኝ። «ያ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ምላሴ ከድቶኛል። ጨው ይሁን ስኳር አይለይልኝም። ሦስት ወር ሙሉ በእጄ ልማድ ነው የምሠራው።»

«ታዲያ በየቀኑ ልክ ነው የሚሉትስ?»

«ዝም ካልኩማ ይነቃብኛል! ይኸው ሰሌዳው አጋለጠኝ። ልጆቹ ምግቤን እየደፉት ነው። አርብ ሽርጤን ፈትቼ አስረክባለሁ።»

አንጀቴን በላችው። ያቺ ሴት ያለ ምድጃዋ ምን ልትሆን ነው? ደግሞም ተናደድኩ፤ ሳህኑን የማየው እኔ፣ ፈራጇ እሷ!

«እትዬ፣ እስኪ ይምጡ» ብዬ ባልዲው ዘንድ ወሰድኳት። «ምን ይታይዎታል?»

«ሩዝ።»

«ስጎስ አለበት?»

ጎንበስ ብላ አየች። ነጭ ሩዝ ብቻ ነበር። ምግቡ ያልጣመው ሰው ስጎውን ነው የሚተወው፤ እነዚህ ግን ስጎውን ጠራርገው በልተው ሩዙን ነበር ያስተረፉት። ያን ጊዜ ጭልፋው ትዝ አለኝ። ትምህርት ሲከፈት ግምጃ ቤቱ የሰማይ ስባሪ የሚያህል አዲስ የሩዝ ጭልፋ ሰጥቶን ነበር፤ አንዱ ጭልፋ ለሁለት ሰው ይበቃል። ሦስት ወር ሙሉ ያንን ሩዝ ስጠርግ ከርሜ አንድም ቀን አለማሰቤ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

በማግስቱ አሮጌውን ጭልፋ ከቁም ሳጥኑ ሥር ፈልጌ አወጣሁት። ያልጠገበ ይጨመርለት ተባለ። እትዬ ልክነው ግን አላመነችኝም።

ከምሳ በኋላ ባልዲው ተመዘነ። ሚዛን ያዧ ተማሪ «ዘጠኝ ኪሎ! ፖስተራችን ሠራ!» ብላ ዘለለች። ደስታዋን ማን ይንጠቃት? እትዬ ልክነው ኪሎውን የሰማችም አይመስለኝ። ባልዲውን በማማሰያ እያገላበጠች ስጎ ፈለገች። የለም። ዘይት ጀሪካኑ ላይ ቁጭ አለችና ከሆዷ «እፎይ!» አለች፤ እንባዋን በሽርጧ ጫፍ ጠረገች። እኔም ቀለለኝ።

አርብ ሽርጧን አልፈታችም። ስጎው ሲደርስ ጓዳው ሁሉ እየሰማ፣ «ምላሴ ታሟል፤ እስኪሻለው ቀማሹ ይኼ ነው» ብላ በእኔ እጅ ጀርባ ላይ ጠብ አደረገች። እኔ እንግዲህ ሚስቴ «ካልሲ ቀቅዬ ባቀርብልህም ትበላለህ» የምትለኝ ሰው ነኝ። ላስኩት። ሁሉም አፍ አፌን ያየኛል፤ እሷም እጇን አጣምራ ትጠብቃለች።

«ልክ ነው» አልኩ።

ድስቱ ወጣ።