ከጋሪ ላይ የገዛኋት እናት ሸንኮራ

የልጄ ሚስት የስድስት ወር እርጉዝ ናት፤ ባለፈው ሳምንት ሸንኮራ አማረኝ አለች። ልጄ ሥራ ላይ ስለነበር እኔው ወደ ለቡ መብራት ኃይል ወጣሁ። ሻጩ ሊልጥልኝ ቢላውን ሲያነሳ፣ "ቆይ እስቲ፣ ጫፉን አሳየኝ" አልኩት። "እማማ፣ ጫፉ እኮ አይበላም!" ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ምን ያውቃል! እኔ ሸንኮራ ስገዛ ዛሬም መጀመሪያ የማየው ጫፉን ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ላፍቶ ገና ግማሹ የጤፍ ማሳ ነው፤ ክረምት ላይ ከመካኒሳ ተነስቼ በጭቃ እየተንሸራተትኩ ሥራ ቦታ ስደርስ ጫማዬ አንድ ኪሎ ይጨምራል። የምሠራው በአንዲት ትንሽ የግል ቤተ ሙከራ፣ ሸንኮራ ማባዛት ላይ ነበር። ገበሬ ዓይን ያለውን የአገዳ ቁራጭ ቀብሮ ያበቅላል፤ እኛ ደግሞ ከቡቃያው ጫፍ ጥፍር የማታህል ቅንጣት ወስደን፣ ብልቃጥ ውስጥ ስኳር ባለው ጄሊ ላይ እናሳድጋለን። ከአንዷ አሥር፣ ከአሥሩ መቶ ይወጣል፤ ሁሉም ቁርጥ እናታቸውን ናቸው። እናቲቱ ከታመመች ምን እንደሚሆን ግን እኔ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ጫፍ የምንወስድባቸው እናት ተክሎች አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ጓሮ፣ በወንፊት መረብ በተከበበ ቤት፣ በየባልዲያቸው። አለቃችን ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ሳይታጠቡ አይነኳቸውም። "እነዚህ ከታመሙ የገበሬው ማሳ ታመመ ማለት ነው" ይሉን ነበር።

ነገሩ የተበላሸው እሳቸው ለሁለት ወር መስክ በወጡ ጊዜ ነው። የሥራ ባልደረባዬ አስቴር እርጉዝ ነበረች። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት መረቡ ላይ ተለጥፋ ቆመች።

"የሺዬ፣ አንዷን ብቻ።"

"አብደሻል? የእናት ተክል ነው እኮ!"

"አማረኝ ስልሽ! ልጄ ላይ ምልክት ቢወጣ በአንቺ ነው።"

እርጉዝ ያማራትን ነገር ማን ይከለክላታል? ሰባተኛዋን ስጎትት ከነሥሯ ተነቀለች። እኔም አብሬ ላጥኩ፤ እንደዚያ የጣፈጠ ሸንኮራ በልቼ አላውቅም። ስንጨርስ ባዶው ባልዲ አፈጠጠብን። ወይ ጣጣ! ከሥራ ስወጣ መካኒሳ ከጋሪ ላይ አንድ አገዳ ገዛሁና፣ ዓይን ያለውን ቁራጭ በማግስቱ ሰባተኛው ባልዲ ውስጥ ቀበርኩት።

ጋሽ ደምሴ ሲመለሱ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃቸው። "ይቺ ምነው አጠረች?" አሉ። "ነፋስ ሰብሯት እንደገና አቆጥቁጣ ነው" አልኩ። አመኑኝ። ከአሥራ ሁለቱም ጫፍ ወሰዱ።

ብልቃጦቹ አማሩ። አንዱም አልሻገተ፤ እኔን ያስፈራኝ ይኸው ማማራቸው ነበር። እየከፈልን ባባዛን ቁጥር የሰባተኛዋን ልጆች እቆጥር ነበር፤ በኋላ መቁጠሩም አቃተኝ።

አንድ ጠዋት መረብ ቤቱ ስገባ ከሰባተኛዋ ጫፍ ጅራፍ የመሰለ ጥቁር ቀጭን ነገር ወጥቶ ተጠማዟል። ስነካው ጣቶቼ ጥላሸት ሆኑ፤ ዱቄቱ ቦኖ በቀሩት አሥራ አንዱ ላይ ሲያርፍ በዓይኔ አየሁ። አረማሞ ነው፤ በሚተከለው አገዳ ውስጥ ተደብቆ የሚተላለፍ በሽታ፣ በመጽሐፍ አውቀው ነበር። ቆርጬ አቃጠልኩትና እጄን ታጥቤ ወደ ብልቃጦቹ ተመለስኩ።

ችግኙ ሲደርስ ጋሽ ቶሎሳ የሚባሉ ገበሬ አይሱዙ ይዘው መጡ። "ልጄ፣ ሽንኩርቴን ነቅዬ በእናንተ ነው የተማመንኩት" አሉኝ፣ ችግኙን ሳቀብላቸው። ልናገር አፌን ከፈትኩ። "ይባረክልዎ" ብቻ ወጣኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

በዓመቱ ተመልሰው የማዳበሪያ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ገለበጡ። ጥቁር ጅራፍ ብቻ። "ማሳዬ እንዳለ ይኸው ነው፤ ከነሥሩ ላቃጥለው ነው" አሉ። ጋሽ ደምሴ ተነስተው ገበሬው እግር ላይ ወደቁ። "ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ ቀን እጄን ሳልታጠብ ገብቼ ይሆናል" አሉ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ አያለሁ። አስቴርም አቀርቅራለች። በወሩ ቤተ ሙከራው ተዘጋ።

ጋሽ ደምሴ ዛሬም በሕይወት አሉ። በዓል በመጣ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ፤ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ እዚያው ይደርሳል። "የሺ፣ የት ላይ ይሆን የተሳሳትኩት?" ይሉኛል። "እግዜር ያውቃል ጋሼ" እላለሁ። ፍርሃት ከዕድሜ ጋር የሚለቅ ይመስለኝ ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ጋዜጣውንም መጽሐፉንም የማነብላቸው እኔ ነኝ። ይህንን የጻፍኩትን ግን አላነብላቸውም።