የስማዳው መስክና የሁለቱ አጥቢያ ጠብ

ከደብረ ታቦር የተነሣሁት ለጥምቀት አራት ቀን ሲቀረው፣ እናቴ ስላስጨነቀችኝ ነው። ስማዳ ያሉት ወንድሟ ጋሼ አያሌው ጠመንጃቸውን ወልውለው ተቀምጠዋል የሚል ወሬ ደርሷታል። የእሳቸው ደብር ጊዮርጊስና የጎረቤቱ ገብርኤል “የማን ታቦት ቀድሞ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይውረድ” በሚል ተቧድነዋል። “ሰው ሳይገድል ወይ ሳይሞት ይዘኸው ና” አለችኝ። እኔ ደግሞ ሃይማኖት ሰውን እንዴት እንደሚያጋድል ልታዘብ የምሄድ መሰለኝ። ያኔ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነበርሁ።

መካነ ኢየሱስ

አውቶቡሱ ረፋድ ላይ አደረሰን። ሽሮ በልቼ ወደ ስማዳዋ ከተማ ወደ ወገዳ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሰቀልሁ። መንገድ ይባል እንጂ ድንጋይ ነው፤ ዳገት በመጣ ቁጥር እየወረድን ገፋን። አጠገቤ የተቀመጠ የቀድሞ ወታደር በወጣትነቱ “ለአብዮቱ” ተብሎ እንደዘመተ፣ የተኮሰባቸው ልጆችም “ለአብዮቱ” ይሉ እንደነበር እየሳቀ አጫወተኝ። ሳቁ ደስ አላለኝም።

ከወገዳ ወዲያ

የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ቀረኝ። በየአውድማው ገብስ ይወቃል። ጋሼ አያሌውን ደጃቸው ላይ አገኘኋቸውና አብረን እንሂድ ብዬ ብለምናቸው አሻፈረኝ አሉ። ታቦቴን ጥዬ የትም አልሄድም ነው ነገሩ።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን ባሕረ ጥምቀቱ ያለበት መስክ ላይ ሰበሰቡ። መሐል የተቀመጡት አንድ አረጋዊ መሪጌታ ስለ ታቦት አንድም ቃል አላነሡም። መስኩ የማን እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። ይሄኔ ግርግሩን ማን ይቻለው? ለካ መሬት ሲሸነሸን መስኩ ለየትኛው አጥቢያ እንደሆነ ሳይለይ ቀርቷል፤ ታቦቱ የቀደመለት ወገን ግጦሹን የኔ ነው ሊል ኖሯል። መሪጌታው በገመድ አስለክተው፣ ዕጣ አስጥለው ለሁለት አስከፈሉት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ቀስ ብለው፣

“እንግዲህ ማን ይቅደም?” አሉ።

ከገብርኤል ወገን አንድ አዛውንት ጊዮርጊስ ይቅደም አሉ። ጋሼ አያሌው ደግሞ የለም፣ ገብርኤል ነው የሚቀድመው ብለው ተነሡ። አሁን ደግሞ በዚህ ሊጣሉ ነው ብዬ ሳቄ መጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠብ ያነሣው ሣሩ መሆኑን ያውቁ እንደነበር ጋሼ አያሌውን ጠየቅኋቸው።

“እንዴት አላውቅ? ስለ ሣር ሰው ገደልሁ ብዬ ለማን ልንገር ልጄ? ያሳፍራል። ስለ ታቦት ሲሆን ግን አያሳፍርም።”

ደብረ ታቦር

ጥምቀትን እዚያው አክብሬ ብቻዬን ተመለስሁ። ሃይማኖት ጠቡን አልወለደውም፤ ግን እፍረቱን ሸፍኖለት ነበር። መሪጌታው መሸፈኛውን አልቀደዱም፣ ከሥሩ ያለውን ነገር ብቻ ፈቱት። ይህን ለመማር ያን ሁሉ ድንጋይ መንገድ መሄዴ አልቆጨኝም።

እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ጠቡ የሣር መሆኑን ስነግራት እንባዋ መጣ።

“ተመስገን፣ ሣር ከሆነማ ይካፈሉታል” አለች። “ታቦት ቢሆን እንዴት ይካፈሉት ነበር?”