የሰይድ ቤዝ

ባለፈው ጥቅምት ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በሚኒባስ ስሄድ ሾፌሩ አንድ የቆየ ዘፈን ከፈተ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት የባቄላ እሸት እየፈለፈሉ ያካፍሉኛል፤ በመስኮቱ ክፍተት የሚገባው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል፤ ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር። የዘፈኑ ቤዝ ሲገባ ግን እሸቱ አፌ ውስጥ መረረኝ። ሃያ ዓመት ያለፈው ነገር እንዲህ ያንገበግባል ብሎ ማን ይገምታል?

ያንን ዘፈን ያቀናበረው ሰይድ ነው። ያኔ ሁለታችንም ገና ትምህርት መጨረሳችን ነበር። ጋሽ ይመር የሚባሉ የመካነ ሰላም ነጋዴ ከሱቃቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል በእንቁላል ካርቶን ለብጠው፣ ኮምፒውተርና የሙዚቃ ኪቦርድ አስገብተው «ስቱዲዮ» አሏት። መብራት ሲኖር እኔና ሰይድ እየተፈራረቅን እንለማመድባታለን። ኪቦርዱ አንድ፣ ወንበሩም አንድ።

በዚያ ሰሞን ከዓረብ አገር የተመለሰች መዲና የምትባል ልጅ ዘፈን ላስቀርጽ ብላ መጣች። ጋሽ ይመር ጠሩንና፣ «ለየብቻችሁ አቀናብሩላት። እሷ የመረጠችው እዚህ ይቀጠራል፤ ሌላው የራሱን ሥራ ይፈልግ» አሉን። እኔ በዚያን ጊዜ ከዚያች ወንበር ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር ሰይድን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ሠርግ ላይ ጭብጨባ የሚያበላሽ ልጅ ነበር፤ ሴቶቹ «አንተ እረፍ እስቲ!» እያሉ ከክቡ ሲያስወጡት ጥግ ይዞ፣ ግድግዳ ተደግፎ ያያል። እኔ ደግሞ የታወቅሁ ተቀባይ ነኝ። አውጪዋ ስንኟን ስትጨርስ የሚቀበላት ሰው ካልሞቀ ሠርጉ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በሰፈራችን ሲደገስ ድንኳን ሳይተከል እኔ እጠራ ነበር።

ቤዝ ከዘፈኑ ሥር የሚሄደው ወፍራም ድምፅ ነው። ጀማሪ ሁሉ ከከበሮው ጋር እኩል ዱም ዱም ያሰኘዋል። እኔ ይኼ ስለሰለቸኝ የኔ ለየት ይበል ብዬ ሽቅብ ቁልቁል አስሮጥኩት። ባዶ ቦታ ባየሁ ቁጥር ሞላሁት። የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ ጣቴ በብርድ እስኪደነዝዝ ሠራሁት፤ ሲያልቅ በራሴ ኮራሁ።

መዲና እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ሳቀች። «ወላሂ ጎበዝ ነህ። ግን ወንድሜ፣ እኔ የት ልተንፍስ?»

ከዚያ የሰይድ ተከፈተ። መዲና ስትዘፍን ቤዙ ዝም ይላል። ስንኙን ስትጨርስ ወዲያው አይገባም፤ ጥቂት ያስጠብቅና አራት ድምፅ ብቻ ይመልስላታል፣ የመጨረሻዋን ወደ ታች ጣል አድርጎ። የመዲና ትከሻ ሳታስበው ተንቀሳቀሰ። «ማሻ አላህ!» አለች። ዘፈን ሲሰሙ ፊታቸው የማይፈታው ጋሽ ይመር እንኳ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉ ጀመር። ወንበሩ እንደሄደ ያወቅሁት ማንም ሳይነግረኝ ነው።

ቀናሁ። አብረን ወደ ሰፈር ስንመለስ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ቤዙን ነዋ!»

ቆም ብሎ አየኝ። «ኧረ በነቢ! ከአንተው ነዋ! በእነ ከድር ሠርግ ስትቀበል ሰምቼህ። ሁልጊዜ ትንሽ ታስጠብቃቸዋለህ፤ መጨረሻዋን ደግሞ ወደ ታች ትጥላታለህ። የምታውቃት መስሎኝ ነበር።»

አላውቃትም ነበር። ተቀባይ ሲጮኽ የራሱን ድምፅ የት ይሰማል? የሰማኝ ከክቡ የተባረረው ሰይድ ነው። ሰረቀኝ እንዳልል ፊት ለፊት ነገረኝ፤ ልጣላው ብል ምን ብዬ ልጣላው?

«አብሽር» አለኝ ትከሻዬን ይዞ፣ «ሌላ ጊዜ አብረን እንሠራለን።» ከወንበሩ ይልቅ ያቺ የማጽናኛ አብሽር አቃጠለችኝ።

ሰይድ ከዚያች ክፍል ተነስቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ስሙም ተጠራ። እኔ አቀስታ ላይ ስልክ እጠግናለሁ፣ ኑሮዬም ደህና ነው። ሰው የሚቀናው በሌላው ነገር ነው፤ የኔ ቅናት ግን በገዛ ድምፄ ነው፣ ስለዚህ የምሸሽበት የለኝም።

ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ እናትዬው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ። ታውቀዋለህ ልጄ?»

«አውቀዋለሁ። ሰይድ ይባላል» አልኳቸው።

ዘፈኑ ላይ መዲና ስንኟን ጨርሳ ዝም አለች። እኔም ሳላስበው ትንሽ አስጠበቅሁና በአፌ ተቀበልኳት፤ መጨረሻዋን ወደ ታች ጣልኳት። ከሾፌሩ ጀምሮ ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«ውይ በሞትኩት!» አሉ እናትዬው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። «ቁርጥ ሰይድን!»